የተማሪ ላፕቶፕ አጠባበቅ፦ ተማሪው የማያነሳው፣ መምህሩም የማይቸገርበት ቁልፍ

አንድ ትምህርት ቤት 40 ላፕቶፕ ሲረከብ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ተማሪ እንዳያበላሸው ምን እናድርግ?» የሚል ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ጥያቄው ይለወጣል፦ «ይህን የቆለፈው ማን ነው? ፓስዎርዱስ የት አለ?» ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ ጥበቃው ሲታሰብ አስተዳደሩ አብሮ አልታሰበም። በብዙ ትምህርት ቤቶች እነዚህን ማሽኖች የሚይዘው አንድ የአይሲቲ መምህር ነው፤ እሱም ክፍል ገብቶ ያስተምራል። በአንድ ላፕቶፕ ላይ 15 ደቂቃ የሚወስድ ማስተካከያ በ40 ላፕቶፕ ላይ 10 ሰዓት ይፈጃል። በእጅ ስለሚሠራም በሦስቱ ወይም በአራቱ ላይ አንድ ነገር መረሳቱ አይቀርም፤ የተረሳውን ደግሞ ተማሪ ያገኘዋል።

ስለዚህ ማንኛውም ቁልፍ፣ ማለትም ክልከላ፣ ከመደረጉ በፊት ሁለት ነገር ይጠየቅ። ተማሪው ራሱ ሊያነሳው ይችላል? መምህሩስ በ40ዎቹ ላይ በአጭር ጊዜ ሊያደርገውና ሊመልሰው ይችላል? ሁለቱንም ያላለፈ ቁልፍ ቢቀር ይሻላል። ሁለቱን ያለፉ ጥቂት ቁልፎች፣ በዘፈቀደ ከተደረደሩ 20 ክልከላዎች የበለጠ ይሠራሉ።

ልጆች የሚያነሱት ቁልፍ

እ.ኤ.አ. በ2012 ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ ላሉ ልጆች ሞቶሮላ ዙም ታብሌቶችን አድሎ ነበር። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በወቅቱ እንደተናገሩት፣ ካሜራው እንዳይሠራ ተደርጎ ሳለ ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ ራሳቸው መልሰው ከፍተውታል። በ2013 ደግሞ በሎስ አንጀለስ ወደ 300 የሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በታደላቸው አይፓድ ላይ የነበረውን ፕሮፋይል (ክልከላዎቹን የያዘውን ቅንብር) አጥፍተው ከድረ ገጽ ማጣሪያው ወጥተዋል። እነዚህ ልጆች ምንም የተለየ መሣሪያ አልነበራቸውም። ቁልፉ የተሠራው ተማሪው ሊደርስበት በሚችል ቦታ ነበር።

በዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ይኸው ስህተት የሚፈጸመው በመጀመሪያው ቀን ነው። ዊንዶውስ ሲጫን መጀመሪያ የሚፈጠረው አካውንት አድሚኒስትሬተር (ሁሉን መቀየር የሚችል) ነው። በጥድፊያ «ስቱደንት» ብሎ የተፈጠረው አካውንት በዚያው ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚጫነውን ጸረ ቫይረስም ሆነ ማጣሪያ ተማሪው እንደፈለገ ያጠፋዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። የመጀመሪያው አካውንት የትምህርት ቤቱ አድሚን ይሁን፤ የተማሪው ሁለተኛ ሆኖ ይፈጠርና ስታንዳርድ (ሲስተሙን መቀየር የማይችል) ይደረግ። ይህ ሳይስተካከል ሌላ ነገር ላይ ጊዜ ማጥፋት ከንቱ ነው።

ሌላው ቶሎ መታየት ያለበት የዊንዶውሱ ዓይነት ነው። ሆም ከሆነ የግሩፕ ፖሊሲ (የዊንዶውስ ክልከላዎች የሚቀመጡበት ክፍል) ማስተካከያው የለውም፤ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ፕሮ ወይም ኤጁኬሽን ይፈልጋል። ላፕቶፑ ከፋብሪካ ከዊንዶውስ ጋር ከወጣ የፈቃድ ቁልፉ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ያንኑ ዓይነት ዊንዶውስ መልሶ ሲጫን ኢንተርኔት ባገኘ ጊዜ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ክራክ ማድረጊያ ፕሮግራም ጸረ ቫይረሱን አጥፉ ብሎ የሚጀምር ስለሆነ፣ በእሱ የተጀመረ ማሽን ላይ ጥበቃ መደራረብ ትርጉም የለውም።

ርክክብ ላይ የሚታይ

ብዙ ትምህርት ቤት የሚደርሰው በሌላ ድርጅት ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ከመፈረም በፊት እያንዳንዱ ተከፍቶ ይታይ። ባዮስ ውስጥ ሲገባ ፓስዎርድ ከጠየቀና ሰጪው ድርጅት ካላወቀው አትቀበሉት። በሌኖቮ ቲንክፓድ ላይ የሱፐርቫይዘር ፓስዎርድ (የባዮሱ ዋና ፓስዎርድ) ከጠፋ አምራቹ የሚሰጠው መፍትሔ ማዘርቦርድ መቀየር ነው፤ የባዮስ ባትሪውን ነቅሎ መመለስ አያጠፋውም። ቀጥሎ ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ተጭኖ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኝ። የቀድሞ ባለቤቱ በማይክሮሶፍት አውቶፓይለት (ማሽንን በድርጅት ስም በሚመዘግብ አገልግሎት) አስመዝግቦ ሳይሰርዘው ከቀረ፣ የማታውቁት ድርጅት መግቢያ ገጽ ይወጣል። ክሮምቡክ (የጉግል ሲስተም ያለው ላፕቶፕ) ከሆነ የባሰ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ቢጠረግም የቀድሞው ትምህርት ቤት ከመዝገቡ እስካላወጣው ድረስ ተመልሶ በእነሱ ቁጥጥር ሥር ይገባል። ይህን የሚፈታው የቀድሞው ባለቤት ብቻ ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ስልክ የሚያነሳላችሁ ሰው ላይኖር ይችላል።

ዕድሜውም ይታይ። የዊንዶውስ 10 ነፃ የደኅንነት ዝመና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ)፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይፈልጋል፤ በኢንቴል በኩል በአብዛኛው 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ፕሮሰሰር መሆን አለበት። ማይክሮሶፍት ለትምህርት ተቋማት የዊንዶውስ 10ን ዝመና በአንድ ማሽን ለመጀመሪያው ዓመት 1 ዶላር፣ ለሁለተኛው 2፣ ለሦስተኛው 4 ዶላር አድርጎ አራዝሟል። ይህንን መክፈል ያልቻለ ወይም ከዚያም ያረጀ ማሽን ያለው ትምህርት ቤት ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ ጭኖ ተማሪውን አድሚን ባልሆነ አካውንት ቢያስገባ፣ ዝመና ካቆመ ዊንዶውስ የተሻለ ደኅንነት ያገኛል።

መጀመሪያ ባዮስ፣ መጨረሻ ምስጠራ

ዲስኩ ያልተመሰጠረ ላፕቶፕ ከፍላሽ ሊነሳ የሚችል ከሆነ የአድሚን ፓስዎርድ ዋጋ የለውም። ከሌላ ሲስተም የተነሳ ሰው የዊንዶውሱን ፓስዎርድ በደቂቃዎች ይቀይረዋል። ስለዚህ ባዮስ ውስጥ ሦስት ነገር ይደረግ፦ ከዩኤስቢና ከኔትወርክ መነሳት ይዘጋ፣ ሴኪዩር ቡት (ያልታወቀ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለው) ይከፈት፣ የሱፐርቫይዘር ፓስዎርድ ይቀመጥ። ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር የሚጠይቀው የማስነሻ ፓስዎርድ ግን አያስፈልግም፤ 40 ልጅ የሚያውቀው ፓስዎርድ ምስጢር ሊሆን አይችልም፤ ክፍለ ጊዜውንም ይበላል። ፓስዎርዶቹ በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ ይሁኑ። ባዮስ የአማርኛ ፊደል አይቀበልም፤ በዊንዶውስ መግቢያ ገጽ ላይም የእንግሊዝኛው ኪቦርድ ቀዳሚ ካልሆነ ተማሪው ትክክለኛውን ፓስዎርድ እየጻፈ «ተሳስተሃል» ይባላል።

ዲስኩን በዊንዶውሱ ማመስጠሪያ በቢትሎከር መመስጠር ወደ ቤት ለሚሄድ ላፕቶፕ ግዴታ ነው። በላብ ውስጥ ተቆልፎ ለሚያድር፣ ምንም የተማሪ ፋይል ለማይቀመጥበት ማሽን ግን የባዮሱ ቁልፍ ይበቃል፤ 40 የማገገሚያ ቁልፍ (የተመሰጠረ ዲስክ ሲቆለፍ የሚከፍተው ቁጥር) መያዝ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የምትመሰጥሩ ከሆነ ባዮሱን አስተካክላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ይሁን። ከተመሰጠረ በኋላ የማስነሻ ቅደም ተከተሉ ወይም ሴኪዩር ቡት ከተነካ፣ ወይም ባዮሱ ከታደሰ፣ ላፕቶፑ ሊነሳ ሲል ባለ 48 አኃዝ የማገገሚያ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ባዮስ ከመንካታችሁ በፊት «ሰስፔንድ ፕሮቴክሽን» የሚለውን ተጫኑ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አደጋ አለ። አዳዲስ የዊንዶውስ 11 ሥሪቶች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባባቸው ዲስኩን ማንንም ሳይጠይቁ ይመሰጥራሉ፤ የማገገሚያ ቁልፉንም ወደዚያው አካውንት ይልካሉ። መምህሩ በግል ኢሜይሉ ገብቶ ካዘጋጀው የትምህርት ቤቱ ቁልፍ በእሱ የግል አካውንት ውስጥ ነው ማለት ነው። መምህሩ ዝውውር ሲያገኝ ቁልፉም አብሮት ይሄዳል። ላፕቶፖቹን በግል አካውንት አታዘጋጁ።

ቴሌግራም፣ ጌምና ፍላሽ

ስታንዳርድ አካውንት ያለው ተማሪ ፕሮግራም መጫን አይችልም ብሎ ማመን የተለመደ ነው። እውነታው ግን የማይችለው ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ መጫን ብቻ ነው። ቴሌግራም ዴስክቶፕ ራሱን የሚጭነው በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ ስለሆነ የአድሚን ፓስዎርድ አይጠይቅም። በፍላሽ የሚዞሩ ጌሞችም ሳይጫኑ ይሠራሉ። ይህን በር የሚዘጋው፣ የትኛው ፕሮግራም እንደሚነሳ የሚወስነው የዊንዶውሱ አፕሎከር ነው።

ሎካል ሴኩሪቲ ፖሊሲ ውስጥ አፕሊኬሽን ኮንትሮል ፖሊሲስ፣ ከዚያ አፕሎከር ይከፈታል። ኤክሰኪውተብል ሩልስ ላይ በቀኝ ክሊክ «ክሪኤት ዲፎልት ሩልስ» ይመረጣል፤ በስክሪፕት፣ በኢንስታለርና በፓኬጅድ አፕ (እንደ ስቶር አፖች ያሉ) ሩልስ ላይም ይኸው ይደገማል። ከዚያ በኋላ ተማሪው ከተራ ፕሮግራሞችና ከስክሪፕቶች ማስነሳት የሚችለው በዊንዶውስና በፕሮግራም ፋይልስ ፎልደሮች ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ በጥቅሉ ምንም መጻፍ አይችልም። በጥቅሉ ያልነው በምክንያት ነው፦ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ እንደ ቴምፕ ያሉ ተማሪው የሚጽፍባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ፤ እነሱን በኤክሴፕሽን አስገቧቸው።

ሦስት ነገሮች እዚህ ይበላሻሉ። አፕሊኬሽን አይደንቲቲ የሚባለው ሰርቪስ ካልተነሳ ሕጎቹ ተጽፈው ይቀመጣሉ እንጂ አይሠሩም፤ ራሱ እንዲነሳ መደረግ አለበት። የፓኬጅድ አፕ ሕግ ከተረሳ ስታርት ሜኑና ካልኩሌተር የመሳሰሉት መከፈት ያቆማሉ፤ ላፕቶፑ በቫይረስ የተያዘ ይመስላል። ሦስተኛው ችኮላ ነው። መጀመሪያ «ኦዲት ኦንሊ» ተደርጎ ለሁለት ሳምንት በጥቂት ማሽኖች ላይ ይታይ። በኢቨንት ቪወር የአፕሎከር መዝገብ ውስጥ 8003 የሚል ቁጥር ያለው መስመር ሁሉ «ሕጉ ቢጸና ኖሮ ይህ ይታገድ ነበር» ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ለትምህርት የሚያስፈልገው ካለ ለሁሉም ተጠቃሚ በሚሆን መንገድ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ይጫን። ሕጉ ከጸና በኋላ የታገደው በ8004 ይመዘገባል፤ ተማሪ «አልከፍት አለኝ» ሲል መጀመሪያ የሚታየውም እሱ ነው።

ስለ ፍላሽ። በየላቡ የሚዞረው ሾርትከት ቫይረስ የተማሪውን ፎልደሮች ይደብቅና በቦታቸው ሾርትከት ያስቀምጣል፤ ሾርትከቱ ሲጫኑት የተደበቀ ስክሪፕት ያስነሳል። ፍላሽን ጭራሽ መከልከል ግን ኢንተርኔት በሌለበት ትምህርት ቤት የቤት ሥራ ማስረከቢያን መዝጋት ነው። የሚበጀው በግሩፕ ፖሊሲ የሪሙቨብል ስቶሬጅ አክሰስ ክፍል ውስጥ ያለውን «ሪሙቨብል ዲስክስ፦ ዲናይ ኤክሰኪውት አክሰስ» መክፈት ነው፤ ሰነድ ይከፈታል፣ ይቀዳል፤ ፕሮግራም ግን ከፍላሹ አይነሳም። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱም ስክሪፕቱን የሚያስነሳው ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ሳይሆን ዊንዶውሱ ውስጥ ነው። ዊንዶውስ ስክሪፕት ሆስትን በሬጂስትሪ ውስጥ «ኢኔብልድ» የሚለውን ወደ 0 በመቀየር ዝጉት። ለትምህርት የሚያስፈልግ ነገር በእሱ የሚሠራ እምብዛም አይገኝም። የተደበቁት ፎልደሮች እንዳልጠፉ ለተማሪው ንገሩት፤ ብዙ ልጅ ፍላሹን ፎርማት አድርጎ የዓመት ሥራውን የሚያጣው ይህን ባለማወቁ ነው።

አንዴ ተሠርቶ 40 ጊዜ መቀዳት

በየማሽኑ ከሚደረገው ከባዮሱና ከምስጠራው በቀር፣ እስካሁን ያለው ሁሉ የሚሠራው በአንድ ላፕቶፕ ላይ ነው። እሱ እናት ማሽን ይባል። ዊንዶውሱ ያለ ኢንተርኔት ይጫናል፤ የመጀመሪያው የማዋቀሪያ ገጽ ሲወጣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍ 3 አብረው ሲጫኑ ኦዲት ሞድ (ማሽኑን ለቅጂ ማዘጋጃ) ይገባል። ሊብሬኦፊስ፣ ጂኦጀብራ፣ ቪኤልሲ፣ የአማርኛ ኪቦርድና ብራውዘር ለሁሉም ተጠቃሚ ይጫኑ፤ አካውንቶቹና ፖሊሲዎቹ ይቀመጡ። ከዚያ የማሽኑን የግል መለያ በሚያነሳው የዊንዶውስ መሣሪያ በሲስፕሬፕ «ጀነራላይዝ» ተመርጦ ማሽኑ ይጠፋል፤ ዲስኩ ዲስክ በሚቀዳው ነፃ ፕሮግራም በክሎንዚላ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይቀዳል። ወደ ሌላ ላፕቶፕ መመለሱ እንደ ዲስኩ ፍጥነት ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ ሁለት ሦስት ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ካለ ጎን ለጎን ይሄዳል።

ሲስፕሬፕ አልሠራም ካለ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ እናት ማሽኑ ኢንተርኔት አግኝቶ ስቶር ለአንዱ ተጠቃሚ ብቻ አፖችን ማደሱ ነው፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራ የተባለውም ለዚህ ነው። ዲስኩ ከተመሰጠረም አይሆንም፤ ምስጠራ ከተቀዳ በኋላ ነው። ክሎንዚላ በበኩሉ ከምንጩ ያነሰ ዲስክ ላይ መመለስ አይወድም። 256 ጊጋባይት የተባሉ ሁለት ዲስኮች በጥቂት ሜጋባይት ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ እናት ማሽን የሚሆነው ትንሹ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ነው። የማሽን ስሞችን በእጅ ከመጻፍ ደግሞ ዊንዶውስ ኮንፊገሬሽን ዲዛይነር በተባለው ነፃ መሣሪያ ፕሮቪዥኒንግ ፓኬጅ አዘጋጁ፤ ፍላሽ ላይ ተደርጎ ሲሰካ ማሽኑን በሴሪያል ቁጥሩ ይሰይመዋል፣ ዋይፋዩንም ያስገባል። ኢንተርኔት አይፈልግም።

በኋላ አንድ ፖሊሲ ቢቀየር ሁሉን እንደገና መቅዳት አያስፈልግም። ኤልጂፒኦ የተባለው የማይክሮሶፍት ነፃ መሣሪያ የአንዱን ማሽን ፖሊሲ ወደ ፋይል አውጥቶ በሌላው ላይ በአንድ ትእዛዝ ያስቀምጣል። ኢንተርኔቱ አስተማማኝና በጀቱም ያለው ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ በኢንቲውን (የማይክሮሶፍት የርቀት ማስተዳደሪያ)፣ ክሮምቡክ ከሆነ በጉግል አድሚን ኮንሶል ከአንድ ገጽ ይሠራዋል። መስመሩ በሳምንት ለቀናት የሚቋረጥ ከሆነ ግን በእሱ ላይ ብቻ አትደገፉ።

ዲፕ ፍሪዝ ያመጣው ችግር

ብዙ ላቦች ዲፕ ፍሪዝ ይጠቀማሉ፤ ማሽኑ ተነስቶ በተከፈተ ቁጥር ወደ ነበረበት ይመለሳል። ለጋራ ላብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዝመናንም አብሮ ያጠፋል። ማሽኑ ጠዋት ዝመና ያወርዳል፣ ማታ ሲጠፋ ይረሳል፣ በነጋታው ያንኑ እንደገና ያወርዳል። የኢንተርኔት ጥቅሉ በወሩ አጋማሽ የሚያልቅበት ትምህርት ቤት ይህን ይመርምር። የጥገና ሰዓት ይመደብለት፤ የተማሪ ሥራ የሚቀመጥበት፣ ወደ ነበረበት የማይመለስ የዲስክ ክፍልፋይም ይሠራ። በኤጁኬሽን ዊንዶውስ ውስጥ ዩኒፋይድ ራይት ፊልተር የተባለ ተመሳሳይ ነገር በነፃ አለ፤ ካልተቀየረ ግን ለውጦችን የሚይዘው በ1 ጊጋባይት ራም ነው። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ይህ ከባድ ሸክም ነው፤ ሲሞላም ማሽኑ ይቆማል። ተማሪው በየቀኑ ለሚይዘው የግል ላፕቶፕ ደግሞ ሁለቱንም አትጠቀሙ።

ዝመናው በሳምንት አንድ ቀን፣ ላፕቶፖቹ ቻርጅ ላይ ሳሉ ይሁን። «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» በአካባቢ ኔትወርክ ብቻ ተብሎ ከተከፈተ ከማሽኖቹ አንዱ ያወረደውን ለሌሎቹ ያካፍላል። ለድረ ገጽ ማጣሪያ ራውተሩ ላይ 1.1.1.3 የሚለውን የክላውድፍሌር ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይር አገልግሎት) ማስገባት በነፃ የአዋቂዎችንና አደገኛ ገጾችን ይዘጋል። ተማሪ በስልኩ ሆትስፖት ሲያገናኝ ግን ራውተሩን ያልፋል፤ ስለዚህ ወደ ቤት በሚሄዱ ላፕቶፖች ላይ ያው ቁጥር በማሽኑ ውስጥም ይግባ፤ ይህን ማጣሪያ ሊያልፍ የሚችለው የብራውዘሩ ሴኪዩር ዲኤንኤስም በፖሊሲ ይዘጋ።

ፓስዎርዱ የት ያድራል?

በሁሉም ላፕቶፕ ላይ አንድ የአድሚን ፓስዎርድ ካለ አንድ ልጅ ከመምህሩ ትከሻ በላይ ባየው ቀን 40ው ተከፈተ። የትምህርት ቤቱ ስምና የላፕቶፑ ቁጥር ተጣምሮ የሚሠራ ፓስዎርድም ያው ነው። ማሽኖቹ ከማይክሮሶፍት የአካውንት ማስተዳደሪያዎች፣ ከኢንትራ አይዲ ወይም ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ ጋር ከተያያዙ ዊንዶውስ ላፕስ ለእያንዳንዱ የተለየ ፓስዎርድ እየፈጠረ ይቀያይራል። ካልሆነ በኪፓስኤክስሲ (ፓስዎርዶችን መስጥሮ የሚይዝ ፕሮግራም) ውስጥ በላፕቶፕ ቁጥር ተመዝግቦ ይያዝ፤ የባዮስ ፓስዎርድ፣ የአድሚን ፓስዎርድ፣ የቢትሎከር ቁልፍና ሴሪያል ቁጥር በአንድ ገጽ። ፋይሉ በሁለት ፍላሽ ይቀመጥ፤ አንዱ በመምህሩ፣ ሌላው ከፋይሉ መክፈቻ ፓስዎርድ ጋር በታሸገ ፖስታ በርዕሰ መምህሩ ካዝና። የአይሲቲ መምህር ሲዛወር ይህ ሰነድ እንደ ማንኛውም ንብረት በፊርማ ይተላለፍ፤ መክፈቻውም በዚያው ቀን ይቀየር።

ስለ ቻርጅ አንድ ነገር፦ 40 ቻርጀር በ65 ዋት 2,600 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት ወደ 12 አምፒር ይጠጋል። ባለ 10 አምፒር ዲቫይደር ላይ ሌላ ዲቫይደር እየቀጠሉ ሁሉንም መሰካት ሶኬት ያቀልጣል። በሁለት የተለያየ መስመር ይከፈል።

ቁጥጥር የት ላይ ይቁም?

በክፍል ውስጥ የተማሪዎችን ስክሪን ለማየት ቬዮን የተባለው ነፃ ፕሮግራም ጥሩ ነው፤ በግልጽ፣ በክፍለ ጊዜው ብቻ። ከክፍል ውጭ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በፔንሲልቬኒያ የሚገኘው የሎወር ሜሪየን ትምህርት ቢሮ ለተሰረቀ ላፕቶፕ መፈለጊያ ብሎ ያስገባው ፕሮግራም ተማሪዎችን ቤታቸው ሳሉ በካሜራ ፎቶ ሲያነሳ ተደርሶበት፣ ጉዳዩ በ610,000 ዶላር ስምምነት ተዘግቷል። በእኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ካሜራና ማይክሮፎን ከርቀት የሚከፍት ምንም ነገር በልጅ ላፕቶፕ ላይ አይጫን። የሚመዘገበው ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚጠፋ በአንድ ገጽ አማርኛ ተጽፎ ወላጅ ከመረከቡ በፊት ይፈርምበት።

ሥራው መሥራቱን ለማወቅ በየሴሚስተሩ አንድ ላፕቶፕ በዕጣ ይወጣ፤ ዲስኩ ይጠረግና እናት ማሽኑን የሠራው ሰው ሳይሆን ሌላ መምህር መመሪያውን እያነበበ ይመልሰው። ለ20 ላፕቶፕ አንድ መጠባበቂያ ካለ ተማሪው ትምህርት አይቋረጥበትም። መመለሱ ከ30 ደቂቃ በላይ ከወሰደ የት እንደቆመ ይጻፍ፦ ፓስዎርዱ ታጣ? ፍላሹ አልነሳ አለ? ከእናት ማሽኑ የተቀዳው ኢሜጅ አረጀ? በሚቀጥለው ሴሚስተር መጀመሪያ የሚስተካከለው እሱ ነው።